ኢንቨስተር የሚባለው ማነው?

ከመተማ ዮሐንስ ተነስቶ በኮኪት በኩል ወደ ገንዳ ውኃ ለሚወጣ ወይም ወደ ቋራ ቆላ ለሚዘልቅ ሰው አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ሳይሰማ መዋል ይከብደዋል። ቃሉ ኢንቨስተር ነው። ለአረም የወረደው ደገኛ «ኢንቨስተር ጋ ልቀጠር ነው» ይላል፤ ሚዛን ላይ የቆመው ነጋዴ የኢንቨስተሩን ሰሊጥና የገበሬውን ሰሊጥ ለይቶ ይጠራል፤ «አባቱ ኢንቨስተር ነው» ሲባል ልጅ እንኳ ነገሩ ይገባዋል። እንግሊዝኛ የማይናገር ሰው ሁሉ የሚያውቀው ቃል ነው፤ ወደዚህ አገር የመጣው በመጽሐፍ ሳይሆን በመሬት በኩል ነውና። ከዚህ በታች ሁለት ሰዎች ስለዚሁ ቃል ይነጋገራሉ። አንዷ እንግሊዝኛ የምታስተምር መምህርት ስትሆን ሌላው ጡረታ የወጡ የመሬት አስተዳደር ባለሙያ ናቸው።

ባለሙያው፦ መምህርት፣ ይህ ቃል እዚህ አገር ተበላሸ የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ ብልሽቱ አይታየኝም። በዚህ ቆላ ኢንቨስተር ማን እንደሆነ ግራ የሚገባው ሰው የለም። ሰፊ መሬት ከመንግሥት በኪራይ የወሰደ፣ በትራክተር የሚያርስ፣ ካምፕ ተክሎ የቀን ሠራተኛ የሚያሰማራ፣ ሰሊጥ፣ ጥጥና ማሽላ የሚያመርት ሰው ነው። ጥቂት ሄክታር ይዞ ከነቤተሰቡ የሚያርሰው ደግሞ ገበሬ ነው፤ በመዝገብ አርሶ አደር ይባላል። እነዚህን ሁለት ሰዎች ለይቶ የሚጠራ ቃል አስፈለገ፣ ተገኘ፣ ሠራ። እንግሊዞቹ በሌላ መንገድ ቢጠቀሙበት እኛን አይመለከተንም። ከዐረብኛው፣ ከጣሊያንኛው ስንት ቃል ወስደን ለራሳችን እንደሚመች አድርገን እየኖርን ነው። ቃል በተወሰደበት አገር ሕግ ይተዳደር ከተባለ አማርኛ ከሚናገረው ግማሹን ሊያጣ ነው።

መምህርቷ፦ ተበላሸ ከሚሉት አይደለሁም ጋሼ። እኔን የሚያሳስበኝ ቃሉ ከሚሸከማቸው ነገሮች የትኛውን ወስደን የትኛውን መንገድ ላይ እንደጣልን ነው። ሥሩ የላቲን ነው። ቬስቲስ ማለት ልብስ ሲሆን ኢንቬስቲሬ ማለት ማልበስ ነው። በእንግሊዝኛ ከጥንቶቹ አገልግሎቶቹ አንዱ የሹመት ነበር፤ ጳጳስ ሲሾም ልብሰ ተክህኖውን፣ መስፍን ሲሾም ካባውን ያለብሱት ስለነበር ማልበስና መሾም አንድ ቃል ሆኑ። ዛሬም ንጉሣቸው ኒሻን የሚሰጥበትን ሥነ ሥርዓት ኢንቬስቲቸር ይሉታል። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ በእኛም አገር ሹም ሲሾም ለምድ ይለብስ፣ ካባ ይደረብለት ነበር። ሁለተኛው ትርጉሙ የጦር ሜዳ ነው፤ ልብስ ገላን ዙሪያውን እንደሚይዝ ሁሉ ሠራዊት አንድን ምሽግ ዙሪያውን ሲከበው በእንግሊዝኛ ኢንቨስት አደረገው ይባላል። የገንዘቡ ትርጉም ከእነዚህ ሁሉ ኋላ የመጣ ነው። ከጣሊያን ነጋዴዎች ቋንቋ ተወስዶ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ንግድ ጋር በእንግሊዝኛ ታየ። ሐሳቡ ገንዘብ ጥሬነቱን ትቶ ሌላ መልክ ይለብሳል የሚል ነው፤ ብሩ ሸቀጥ ይለብሳል፣ ሸቀጡ ሲሸጥ ደግሞ ተመልሶ ብር ይሆናል። ያ ኩባንያ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ አውሮፓ ለመላክ ከሕንድ በየዓመቱ የሚገዛውን ሸቀጥ ኢንቨስትመንት ይለው ነበር። የዚያ ሸቀጥ ዋናው ክፍል ጨርቃ ጨርቅ ነበር።

ባለሙያው፦ መክበብ ካልሽማ ይህች ከተማ ቃሉን ሳትሰማ ነገሩን ቀምሳዋለች። በ1876 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ከእንግሊዙ አድሚራል ሂወት ጋር በተደረገው ውል ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በሱዳን ማህዲስቶች የተከበቡትን የግብፅ ጦሮች በአገራቸው በኩል ለማስወጣት ተስማሙ። ከእነዚያ ጦሮች አንዱ እዚሁ መተማና ጋላባት የነበረው ነው። ውሉን ንጉሡ ጠበቁ፤ የተከበበውም ወጣ። በ1881 ዓ.ም. ደግሞ ራሳቸው እዚሁ ሜዳ ላይ ወደቁ፤ ከተማዋም ስማቸውን ተሸክማ ቀረች። እንግዲህ በአንቺ ቋንቋ መተማ መጀመሪያ ኢንቨስት የተደረገችው በጦር ነው ማለት ነው። ግን ይህ ያለፈ ነገር ነው። ዛሬ የሰው ወሬ ሰሊጥ ነው፤ የላቲን ልብስ ለሰሊጥ ምን ይፈይድለታል?

መምህርቷ፦ የሚፈይደው እዚህ ላይ ነው። የመተማ ሰው ቃሉን ሲወስድ ሳያውቀው ወደ ጥንታዊው ትርጉም ወስዶታል። በእኛ አነጋገር ኢንቨስተር የማዕረግ ስም ሆኗል። ዐረፍተ ነገሩን እንመልከተው። «እገሌ ኢንቨስተር ነው» እንላለን፤ «እገሌ ኢንቨስተር ሆነ» እንላለን፣ ልክ «ቀኛዝማች ሆነ» እንደሚባለው። ምን አደረገ፣ ምን ላይ አደረገ የሚል ጥያቄ አይከተልም። አዲስ አበባ ላይ የቃሉ ዕጣ ሌላ ነው። እዚያ ግሱ ነው ሕያው የሆነው። እናት «ልጄ ትምህርት ላይ ኢንቨስት አድርጌያለሁ» ትላለች፤ ወጣቶችን የሚመክረው ሰው «ራሳችሁ ላይ ኢንቨስት አድርጉ» ይላል። በእነዚህ ዐረፍተ ነገሮች ውስጥ ሀብታም ሰው የለም፤ ዛሬ ሰጥቶ ነገን የሚጠብቅ ሰው ነው ያለው። ከተማው ግሱን ወሰደ፣ ቆላው ስሙን ወሰደ። ግስ ሥራ ይጠይቃል፤ ስም ግን አንዴ ከተለበሰ ሥራ ቢኖርም ባይኖርም ገላ ላይ ይቆያል። እኔን ያስጨነቀኝ ይህ ነው፦ መተማ ላይ ቃሉ የለበሰውን ሰው ያሳያል እንጂ የዘራውን አያሳይም።

ባለሙያው፦ ያንን ያደረገው የመተማ ሰው አይደለም። ሕጉ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ካለ በኋላ ሁለት በር ከፍቷል። በንዑስ አንቀጽ 4 ገበሬው መሬት ያለ ክፍያ የማግኘትና ከይዞታው ያለመነቀል መብት አለው። በንዑስ አንቀጽ 6 ደግሞ መንግሥት ለግል ባለሀብቶች በሕግ በሚወሰን ክፍያ በመሬት የመጠቀም መብታቸውን ያስከብርላቸዋል። አንዱ በነፃ ሲገባ ሌላው ከፍሎ ይገባል። በሮቹ ሁለት ከሆኑ የሚገቡት ሰዎች ስምም ሁለት ይሆናል። ሕዝቡ ያደረገው ነገር ባለሀብት የሚለውን ኢንቨስተር ብሎ መጥራት ብቻ ነው። መዝገብ ላይ የተጻፈ ልዩነት አፍ ላይ ቢወርድ ምን ያስገርማል?

መምህርቷ፦ እሱኑ አንቀጽ በሁለቱ ቋንቋዎች አስተያይተው ያንብቡት ጋሼ። እንግሊዝኛው ኢንቨስተር ያለውን አማርኛው ባለሀብት አለው። እንግሊዝኛው ሰውየውን በሚያደርገው ነገር ጠራው፣ አማርኛው ባለው ነገር ጠራው። ሀብት ደግሞ ከግእዙ ወሀበ፣ ማለትም ከሰጠ የመጣ ቃል ነው፤ መጀመሪያ ትርጉሙ ስጦታ ነው። ሀብተ ማርያም፣ ሀብተ ጊዮርጊስ የሚሉት ስሞች ይህንኑ ይናገራሉ። ስለዚህ ባለሀብት ማለት ከሥሩ ሲታይ የተሰጠው ሰው ነው። ኢንቨስት ማድረግ ደግሞ ካለው ላይ አውጥቶ ሥራ ላይ ማኖር ነው። ተቀባይና አውጪ በአንድ ወንበር ተቀመጡ። ይህ የትርጉም ስህተት ነው ብዬ ተርጓሚውን አልከስም፤ ባለሀብት ዛሬ ሌላ ሕይወት ያለው ጥሩ ቃል ነው። ነገር ግን በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት እዚህ ቆላ ላይ የሚታይ ጉዳት አለው። «የተሰጠው» እና «ያወጣ» አንድ ሰው ናቸው ብለን ስንለምድ፣ ሳይሰጠው የሚያወጣውን ሰው ማየት እናቆማለን።

ባለሙያው፦ ሳይሰጠው የሚያወጣው ማነው? ለባለ ሰፋፊ እርሻውም ፍርድ አታጉድይበት። የትራክተር ኪራይና ነዳጅ፣ የዘር፣ የመሬት ኪራይ፣ የሠራተኛ ምግብና ደመወዝ፣ ይህ ሁሉ ከመስከረም በፊት ከኪሱ ይወጣል። ዝናብ ሲቀር ወይም ሲበዛ፣ ዋጋ ሲወድቅ፣ መንገድ ሲዘጋ ሠራተኛው ደመወዙን ይዞ ይሄዳል፤ ዕዳው የሚቀረው እሱ ላይ ነው። ሰሊጥ ለብዙ ዓመታት ከቡና ቀጥሎ ከሚጠሩት የውጭ ምንዛሪ ምንጮች አንዱ የሆነው ይህንን የተሸከሙ ሰዎች ስላሉ ጭምር ነው። ከሚያጣው መጠን አንጻር ስሙ ቢሰጠው ተገቢ ነው እላለሁ። ኪሳራን የሚሸከም ሰው ስም ሊኖረው ይገባል።

መምህርቷ፦ ስሙ ይገባዋል። ከእሱ ላይ ይወሰድ አላልኩም። የምለው ለብቻው አይገባውም ነው። ሰሊጥን እንከተለው። በሰኔና በሐምሌ ይዘራል፤ ከአንድ ጊዜ በላይ ይታረማል፤ አረሙ ካመለጠ ሰሊጡ ይዋጣል። በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን ቀን አይሰጥም፤ ፍሬው ከደረቀ በኋላ ቆቡ ይከፈትና መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ በጥቂት ቀናት ውስጥ በእጅ ይታጨዳል፣ ነዶው ቀጥ ብሎ ቆሞ ይደርቃል፣ ከዚያ ተገልብጦ ሸራ ላይ ይራገፋል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ትራክተር የሚሠራው ማረሱንና መዝራቱን ነው። ቀሪው የሰው እጅ ነው። ጥቂት ሄክታር ያለው ገበሬ የራሱንና የቤተሰቡን እጅ እዚያ ያስቀምጣል፤ ለመብል ሊያውለው የሚችለውን እህል ለዘር ያስቀራል፤ ለአረም የሚከፍለው ቢያጣ ይበደራል፣ ወይም ሰሊጡ ሳይደርስ ዋጋ ቆርጦ ይሸጣል። ዝናቡ ሲቀር የጠፋው ገንዘብ በመጠን ከባለ ሰፋፊው ያንሳል፤ ከነበረው ጋር ሲመዛዘን ግን ሙሉው ነው። ኪሳራ የሚለካው በጠፋው ብቻ አይደለም፣ በቀረውም ነው። ባለ ሰፋፊው ከሚቀጥለው ክረምት በፊት ሌላ መንገድ ሊያገኝ ይችላል፤ ገበሬው የሚቀጥለውን ክረምት ራሱን ነው ያጣው።

ሠራተኛውንም እንየው፤ እዚህ ቆላ ሳሉግ የሚሉትን። ደመወዙን ይዞ ይሄዳል ብለዋል፣ እውነት ነው። ግን ያመጣው ነገር ምን ነበር? ደጋ ላይ ያለውን እርሻ ለወንድሙ ትቶ፣ የመንገዱን ከፍሎ፣ አካሉን ይዞ ወረደ። መተማና ሁመራ ካላዛር የሚገኝባቸው አገሮች ናቸው፤ በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ መረሬው አፈር ሲሰነጠቅ ከስንጥቁ ትኖራለች፣ ሜዳ ላይ የሚያድረውን ሰው ትነድፋለች። የደጋው ሰው ሰውነት አይለምዳትም። ካላዛር የሚለው ቃል ራሱ ከሕንድ የመጣ ነው፤ ካላ ጥቁር ማለት ነው። ያ ቃል ከሩቅ መጥቶ እዚህ ሲሰፍር ነገሩን ሳይለቅ ነው የሰፈረው፤ ስሙን የሰማ ሁሉ በሽታውን ያስባል፣ የታመመውንም ያስባል። ኢንቨስተር ግን ሲሰፍር ግማሹን ነገር ጥሎ ነው። የሠራተኛው ጤና ለአንድ ምርት ዘመን የተቀመጠ፣ የማይመለስም ሊሆን የሚችል ነገር ነው። ዛሬ አውጥቶ ነገን መጠበቅ ይህ ካልሆነ ምን ይሁን?

ባለሙያው፦ አሁን ቃሉን ልትገድዪው ነው። ባለ ሰፋፊውም ኢንቨስተር፣ ገበሬውም ኢንቨስተር፣ ሳሉጉም ኢንቨስተር ከሆነ ቃሉ ምን ይለያል? ሁሉን የሚጠራ ስም ማንንም አይጠራም። እኔ መዝገብ ስይዝ የነበርኩ ሰው ነኝ፤ ሁለት ዓይነት ይዞታ በአንድ ስም ከተጻፈ ክርክር ይነሣል፣ ወሰን ይጠፋል፣ ፍርድ ቤት ይሞላል። የአማርኛው ቃል እንኳ እዚህ ላይ ጠንቃቃ ነው። ገንዘብ ማፍሰስ እንላለን። ማፍሰስ የሚችለው የሞላ ዕቃ ያለው ነው። የአንድ ማሰሮ ውኃ ያለው ሰው ያጠጣል እንጂ አያፈስም።

መምህርቷ፦ የማፍሰሱ ነገር ጥሩ ማስረጃ ነው፤ ወደ እኔ ግን ነው የሚያደላው። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም ይላል አማርኛ። ገንዘብ አፈሰሰ ስንል ብዛቱን አሳየን፤ መመለሱን ግን ከቃሉ አስወጣን። እንዲመለስ ታስቦ የሚወጣ ነገር ፈሰሰ አይባልም፤ ተዘራ ነው የሚባለው። ለይቶ መጥራቱን በተመለከተ ግን ያሉት ልክ ነው፤ መዝገብ ሁለት ስም ያስፈልገዋል። ስለዚህ ለመዝገቡ መሬቱን በመጠኑና በውሉ እንጥራው፦ ባለ ሰፋፊ እርሻ፣ ባለ አነስተኛ ይዞታ፣ ተከራይ፣ አከራይ። እነዚህ ሊለኩ የሚችሉ ነገሮች ናቸው። ኢንቨስት ማድረግን ደግሞ ለግሱ እንተውለት። ግስ ጥያቄ ይጠራል፦ ምን አወጣ? የት አዋለው? ለስንት ዓመት? ቢጠፋ በማን ይጠፋል? ማዕረጉ ግን እነዚህን ጥያቄዎች ያስቀራል። ይህ ግምት አይደለም፤ በአገራችን ታይቷል። ጋምቤላ ላይ አንድ የሕንድ ኩባንያ 100,000 ሄክታር በውል ተሰጥቶት ነበር። ለዓመታት ስሙ የውጭ ኢንቨስተር ነበር። ከመሬቱ አብዛኛው ሳይለማ ቀርቶ መንግሥት በ2008 ዓ.ም. ውሉን ሰረዘው። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ስሙን ማንም አልነካበትም፤ ምክንያቱም ስሙ ከሥራው ጋር አልታሰረም ነበር። በዚያው ዘመን በዚያው ክልል በቆሎ ዘርቶ ያበቀለ ገበሬ ግን ኢንቨስት አደረገ ሲባል አልሰማሁም።

ባለሙያው፦ ይባልለትና ምን ያገኛል? ስም እንጀራ አይሆንም። እንዲያውም ልንገርሽ፣ ገበሬው ኢንቨስተር አለመባሉ ነው የጠበቀው። አንቀጽ 40 ያለ ክፍያ የሚሰጠውና ከመነቀል የሚጠብቀው ገበሬ ስለሆነ ነው። ነገ አንድ ሹም ተነስቶ «እናንተም ኢንቨስተሮች ናችሁ ብላችኋል፣ እንግዲያው እንደ ኢንቨስተር ኪራይ ክፈሉ፣ የሥራ ዕቅድ አቅርቡ፣ ካላለማችሁ ውሉ ይሰረዛል» ቢልስ? ስም ስትሰጪ ከስሙ ጋር የሚመጣውን ግዴታም ትሰጫለሽ። ካባ ይከብዳል። ድሀ ገበሬ በማያውቀው ካባ ውስጥ ከምትከቺው በእርፉ ይታወቅ።

መምህርቷ፦ ከተናገሩት ሁሉ ይህ ይከብደኛል፤ በቀላሉም አልመልሰውም። ገበሬነቱ መብቱ ነው፤ ያ ስም አይነካ። አርሶ አደር የሚለውም ቢሆን በጥንቃቄ የተሠራ ቃል ነው፤ አርሶ የሚያድር ማለት ነው፣ ኑሮውና ሥራው አንድ የሆነ። ይህንን ስም አውልቆ ኢንቨስተር ይልበስ አልልም። ግን ያለ ግሱ የቀረበት ነገር አለ፤ እሱም ብድር ላይ ይታያል። የኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 1180/2012 ኢንቨስትመንትን የሚፈታው አዲስ ድርጅት ለማቋቋም፣ ወይም ያለውን ለመግዛት፣ ለማስፋፋትና ለማሻሻል የሚደረግ የካፒታል ወጪ ብሎ ነው። ካፒታል ሲልም ጥሬ ገንዘብ፣ ማሽን፣ ሕንፃ፣ መሥሪያ ገንዘብ፣ የንብረት መብት እያለ ይዘረዝራል። የቤተሰብ ጉልበት እዚያ ዝርዝር ውስጥ አይገባም። ልብ ይበሉ፣ ይኸው አዋጅ ከውጭ የሚመጣውን ኢንቨስተር ለአንድ ፕሮጀክት በአብዛኛው ቢያንስ 200,000 የአሜሪካ ዶላር ሲጠይቅ ለአገር ልጅ እንዲህ ያለ ወለል አላስቀመጠም። ሕጉ ኢንቨስተር ሀብታም ይሁን አላለም። ያንን የጨመርነው በአነጋገራችን ነው።

ብድሩን እንይ። ገበሬው ሲበደር በቡድን ዋስትና፣ በአነስተኛ ብድር ስም ነው፤ በአማራ ክልል ይህንን ለረጅም ዘመን የሠራው አብቁተ የሚባለው የብድርና ቁጠባ ተቋም ነው፣ ዛሬ ጸደይ ባንክ የሆነው። ያ ብድር ብዙ ሰው ከአራጣ አድኗል፤ ውለታው አይካድም። ነገር ግን የተሰጠበት ሐሳብ ድህነትን መቀነስ የሚል ነበር። ለባለ ሰፋፊው የሚሰጠው ደግሞ ለኢንቨስትመንት ነው። አንዱ እርዳታ የሚመስል፣ አንዱ ሥራ የሚመስል ስም ያዘ። የብድሩ መጠንና የመክፈያው ጊዜም ሲወሰን ይህ ሐሳብ ከጀርባ አለ። ድህነት ለመቀነስ የተሰጠ ገንዘብ ክረምቱን ለማሻገር ሊበቃ ይችላል፤ ለሦስት ዓመት የሚቆይ ጎተራ ለመሥራት፣ ሰሊጡ ዋጋ እስኪያገኝ አስቀምጦ ለመቆየት አይታሰብም። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ የሰሊጥን ዋጋ በግልጽ ማሳየቱ ትልቅ ነገር ነው። ዋጋው ከፍ እስኪል መጠበቅ የሚችለው ግን ለመጠበቂያ የሚሆን ገንዘብ ያለው ነው። ገበሬው በጥቅምት የሸጠውን በየካቲት የሚሸጠው ሌላ ሰው ነው። ስም እንጀራ አይሆንም ብለዋል፤ እንጀራው በማን ምጣድ እንደሚጋገር ግን ይወስናል።

ባለሙያው፦ የብድሩን ነገር ተቀብዬልሻለሁ። የመክፈያ ጊዜው ከምርት ጋር ሳይገጥም ሲቀር ገበሬው ሰሊጡን በርካሽ እንደሚጥል እኔም አውቃለሁ። ግን እንግዲህ የውጭውን ቃል ለማስተካከል ይህን ያህል ከምትደክሚ የራሳችንን ለምን አታነሺም? መዋዕለ ንዋይ አለልን። ደረቱን ነፍቶ የሚቆም የግእዝ ቃል ነው፣ ማዕረግም የለበትም፣ ልብስም የለበትም።

መምህርቷ፦ መዋዕለ ንዋይን እወደዋለሁ፤ የሬዲዮ ቃል ሆኖ ቀረ እንጂ። ሥሩን ስንፈልግ ወዐለ እናገኛለን፤ በአማርኛ ዋለ ነው። መዋዕለ ሕፃናት ልጆች የሚውሉበት ስፍራ እንደሆነ ሁሉ መዋዕለ ንዋይ ብሎ ማንበብ የሚቻለው ንብረት የሚውልበት ነው። እንዲያ ካነበብነው ውስጡ ጊዜ አለ፤ ንብረቱ ከቤት ወጥቶ ሥራ ቦታ ይውላል፣ ሲመሽ ይመለሳል ተብሎ ይጠበቃል። ከላቲኑ ልብስ ይልቅ ይህ ለእርሻ ይቀርባል። ግን መዋዕለ ንዋይም ስም ነው፤ ከእሱ ግስ ማውጣት ከባድ ስለሆነ «ማፍሰስ»ን ለጠፍንበትና እንደገና የሀብታም ቃል አደረግነው። ያን ሁሉ ዙሪያ መሄድ አያስፈልግም፤ ግሱ እኮ በእጃችን ነው። አዋለ። «ጉልበቱን መሬቱ ላይ አዋለ»፣ «ዘሩን፣ ብድሩን፣ ክረምቱን ሰሊጥ ላይ አዋለ» ቢባል የመተማ ገበሬ ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል። ክፍል ውስጥ ኢንቨስትን ሳስተምር የምሰጠው የአማርኛ አቻ ይኸው ነው፤ ባለሀብት መሆን የሚለውን አልሰጥም። ኢንቨስተር የሚለውን የሰፈሩን ቃል አልከለክልም፣ ቃል በክልከላ አይጠፋም። ልጆቹ ግን ቃሉን በሰሙ ቁጥር «ማን ምን አዋለ?» ብለው መጠየቅ ይችላሉ።

ባለሙያው፦ እንዲያ ከሆነ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ መዝገብ ላይ ብዙ ጊዜ የሚመጣ ነው። አንድ ገበሬ በሬም ጉልበትም አጣ፤ ወይም ታሞ ነበር፤ ወይም ሴት ናት ባሏ የሞተባት። መሬቷን ለባለ ሰፋፊው በኮንትራት አከራየች። እሱ አረሰ፣ ዘራ፣ አሳረመ፣ ወጪውንም ኪሳራውንም ተሸከመ። እሷ ኪራዩን አስቀድማ ተቀብላ ልጆቿን አሳደገችበት። እዚህ ላይ ያዋለው ማነው? በአንቺ ግስ ከሄድን እሷ ምንም አላዋለችም፤ ተቀበለች እንጂ። በእኔ ዓይን ግን ከሁሉም የበለጠ ያስያዘችው እሷ ናት።

መምህርቷ፦ መሬቷን አውላለች።

ባለሙያው፦ መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል አንቀጹ። የእሷ የመጠቀም መብቱ ነው።

መምህርቷ፦ እንግዲያው ያዋለችው ያንን መብት ነው፤ የንብረት መብት ደግሞ እዚያው አዋጁ ከዘረዘራቸው ካፒታሎች አንዱ ነው። ትርፉን እየተካፈለች ቢሆን ኖሮ በየእኩል ወይም በሲሶ ገባች እንላለን፣ የሁለቱም ስም ውሉ ላይ ይኖራል። ኪራዩ አስቀድሞ ስለተከፈላት ብቻ ከነገሩ ወጣች ማለት ይከብደኛል፤ ሰሊጡ ጥሩ ዋጋ ባወጣ ዓመት ከጭማሪው ምንም አይደርሳትም፣ አፈሩ ተዳክሞ ሲመለስላት ግን ድካሙ የእሷ ነው። እርስዎ እነዚህን ውሎች በእጅዎ ይዘው አይተዋል። የአፈሩ ነገር የተጻፈበት ውል ነበር?

ባለሙያው፦ የሄክታሩ ብዛት አለ፣ ዓመቱ አለ፣ ገንዘቡ አለ፣ የምስክሮች ስም አለ። የአፈሩ ነገር የለም።